«ኮምፒውተር የሚያውቀው» ሰው ኑዛዜ

በሰፈራችን «ኮምፒውተር ያውቃል» የሚባል አንድ ሰው አለ። እኔ ነኝ። ማዕረጉን ያገኘሁት ተምሬ እንዳይመስላችሁ፤ ተፈትኜም አይደለም። ዲቪ በወረቀት መላኩ ቀርቶ በኢንተርኔት መሞላት የጀመረ ሰሞን የጎረቤቱን ሁሉ ፎቶ እየለካሁ ፎርም ሞላሁ። ከሞላሁላቸው መካከል አንዷ ዕጣ ወጣላት። ዕጣው በእኔ ጣት ቅልጥፍና የወጣ ይመስል እናቷ እስከ ዛሬ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ጠላ ይልኩልኛል። ከዚያ ድምፅ አልሰጥ ያለ ኮምፒውተር መጣልኝ፤ ድምፁ ተዘግቶ ነበር፣ ከፈትኩት። ቀጥሎ አላትምም ያለ ማተሚያ መጣ፤ ወረቀት አልቆበት ነበር፣ ጨመርኩበት። ዝናዬ የተገነባው እንዲህ ነው። የሚመጣልኝ ችግር ቀላል ነበር፤ እኔም ቀላል መሆኑን ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

እያደር ጠባዬም ተለወጠ። ሰው ችግሩን ሲነግረኝ ዐይኔን ጨፈን አድርጌ ጥቂት ዝም እላለሁ። ከዚያ «ራሙ ሳይሆን አይቀርም» እላለሁ። ለምን ራም እንደምል አላውቅም። አጭር ነው፣ ክብደት አለው፣ ማንም መልሶ አይጠይቀኝም።

ይህን ሁሉ የማወራው የራሴ ላፕቶፕ አልነሳ ያለኝ ጊዜ ያሳየሁት ባሕርይ ከየት እንደ መጣ እንዲገባችሁ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ ይዞት ወደሚያውቅ ሰው ይሄድ ነበር። እኔ ግን የምሄድበት የለኝም። የሚያውቀው ሰው እኔ ነኛ!

ላፕቶፑን ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሰው እጅ የላከችልኝ ታናሽ እህቴ ናት። እሷ ጥቂት ወራት ሠርታበታለች፤ የተከፈተውም በእሷ ኢሜይል ነው። «የራስህን ኢሜይል አስገባበት፣ እንዳትረሳ» ብላኝ ነበር። አልረሳሁም፤ ተውኩት። ስከፍተው የእሷ ስም ብቅ ይላል፣ የሰጠችኝን የሚስጥር ቁጥር አስገባለሁ፣ ይሠራል። ከሠራ ምን አስቸኮለኝ?

በውስጡ ካሉት ፋይሎች ሁሉ የሚከብደው የእድራችን ሒሳብ ነው። የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ከመዝገብ ወደ ኤክሴል እንሻገር ብዬ ጉባኤው ፊት የተከራከርኩትም እኔው ነኝ። በዚያ ንግግሬ ስለ እሳት፣ ስለ ጎርፍ፣ ስለ አይጥ፣ ወረቀት ላይ ሊወርድ ስለሚችል መዓት ሁሉ ተናግሬያለሁ። ገንዘብ ያዧ እትዬ በዕድሜ የእናቴ እኩያ ናቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» አሉ። ድምፅ ሲሰጥ ግን እጃቸውን አላወጡም።

አሁን ወደ ኃጢአቱ ልግባ።

ላፕቶፑ ቦታ ጠበበው። ያጣበበው የእድር ሒሳብ አይደለም፤ ተከታታይ ፊልም ነው። የዲስኩን ክፍፍል የሚያሳየውን መስኮት ከፍቼ ባይ አንዱ ዲስክ ተቆራርጧል። መጀመሪያ ላይ መቶ ሜጋ ባይት ገደማ የሆነች ቁራጭ አለች፤ መሃል ላይ እኔ የማውቀው ትልቁ ሲ ድራይቭ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ጊጋ የማትሞላ፣ ፊደል እንኳ ያልተሰጣት ክፍል። ምንም የማትሠራ መሰለችኝ። ልሰርዛት ስል ኮምፒውተሩ እንቢ አለ። እዚህ ላይ ጤነኛ ሰው «ለምን ከለከለኝ?» ይላል። እኔ «ጭራሽ ይከለክለኛል!» አልኩ። ዩቲዩብ ላይ አንድ ምላሰ ፈጣን ወጣት ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ዲስክፓርት የሚባለውን መሣሪያ ከፍቶ፣ ከመሰረዣው ትእዛዝ ኋላ ኦቨርራይድ የምትል ቃል ጨምሮ፣ እንዲህ ያለችውን ክፍል በግድ ሲያስወግድ አየሁ። እሱ ሲጽፍ ጻፍኩ። ክፍሏ ጠፋች። ያተረፍኩት ቦታ አንድ ፊልም በቅጡ አይዝም።

የሰረዝኳት ክፍል ሪከቨሪ ነበረች። ሥራዋ እንዲገባችሁ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚነሳ ልንገራችሁ። ማብሪያውን ስትጫኑ ቀድሞ የሚነቃው ዊንዶውስ አይደለም፤ ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የአይቢኤም ፒሲ እ.ኤ.አ. በ1981 ከወጣ ጀምሮ ባዮስ ሲባል ኖሯል፤ ዛሬ በቦታው የተተካው ዩኢኤፍአይ ቢሆንም ጠጋኙም ሻጩም ባዮስ ማለቱን አልተወም። እሱ ሜሞሪውን፣ ኪቦርዱን፣ ዲስኩን «አለህ? አለህ?» እያለ ከፈተሸ በኋላ ወደዚያች የመቶ ሜጋ ባይት ቁራጭ ይሄዳል፤ ዊንዶውስን የሚያስነሱት ፋይሎች ያሉት እዚያ ነው። ዊንዶውስ ደጋግሞ ሳይነሳ ሲቀር ነገሩ ወደ ሪከቨሪዋ ይተላለፋል። እዚያ ውስጥ ትልቁ ሲወድቅ ለማንሣት የተቀመጠ ሌላ ትንሽ ዊንዶውስ አለ። እኔ ያባረርኩት እሱን ነው፤ ያውም ለፊልም። ላፕቶፑ ግን ከዚያ በኋላ ወራት ያህል ሳያንገራግር ሠራልኝ። እኔም ኦቨርራይድን ለሁለት ጓደኞቼ አስተማርኩ።

የወደቀው እሑድ ነው፤ የእድር ስብሰባ ቀን። ልዘጋው ስል አፕዴት ጀመረ። ስክሪኑ ላይ በመቶኛ ይቆጥራል፣ ከሥሩ ኮምፒውተሩን እንዳታጠፉ የሚል ማሳሰቢያ አለ። ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ደርሶ ቆመ። ሰዓቴን አየሁ፣ ቁጥሩን አየሁ፣ እንደገና ሰዓቴን። የእድሩ ዳኛ ያረፈደ ሰው ላይ መቀጮ ይጥላሉ፤ መቀጮውን የምመዘግበው ደግሞ እኔ ነኝ። ማብሪያውን ተጭኜ ያዝኩት። ጠፋ። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

ስብሰባው ላይ ስከፍተው የአምራቹ ምልክት መጣ፣ ነጠብጣቦቹ ዞሩ፣ ጥቁር ሆነ። እንደገና ምልክቱ፣ እንደገና ነጠብጣቦቹ። በመጨረሻ ሰማያዊ ገጽ መጣ። አባላቱ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። «ኔትወርክ የለም» አልኩ። የእድር ሒሳብ ለመክፈት ኔትወርክ ምን ያደርጋል ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ዝና ጥቅም አለው።

ቤቴ ገብቼ ያደረግኩትን ብታዩ ታዝኑልኝ ነበር። ወይም ላፕቶፑን ትነጥቁኝ ነበር። ያ ሰማያዊ ገጽ ጽሑፍ ነበረበት፤ ያውም ቀላል እንግሊዝኛ። ኮምፒውተሩ መጠገን እንዳለበት፣ ለዚህም የመጫኛ ፍላሽ ወይም ዲስክ እንደሚያስፈልግ፣ ከሌለ የኮምፒውተሩን አስተዳዳሪ ማነጋገር እንደሚገባ ይናገራል። እኔ አላነበብኩትም። ስሕተት የሚያሳይ ገጽ ሲመጣ ማንበብ የማያውቅ ሰው ሥራ ይመስለኛል። ወደ ኪቦርዱ ሄድኩ። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ 8ን ደጋግሞ መምታት የዐዋቂዎች ምልክት ነበር፤ ስለዚህ ኤፍ 8ን መታሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንዶውስ 8 ሲወጣ ይህ መንገድ በነባሪው ተዘግቷል፤ ወሬው ለእኔ አልደረሰኝም። ከዚያ የሌሎቹን ሁሉ ሞከርኩ፦ ኤችፒ ላይ የሚሠራውን ኢስኬፕ፣ ዴል ላይ የሚሠራውን ኤፍ 12። አንዳንድ ሌኖቮ ጎኑ ላይ በሽቦ ጫፍ የምትነካ ትንሽ ቀዳዳ እንዳለችው ስሰማ፣ የእኔ ሌላ ምርት መሆኑን እያወቅኩ በመርፌ ጎኑን ስወጋጋ አመሸሁ። አንዲት ቀዳዳ አገኘሁ፤ የማይክሮፎን ነበረች።

በኋላ፣ ሌላ የምሞክረው ሳጣ፣ ገጹን አነበብኩት። ኤፍ 1ን ተጭናችሁ ወደ ሪከቨሪ ግቡ ይላል። ተጫንኩ። እዚያው ገጽ ላይ መልሶ አመጣኝ፤ የሚገባበት ክፍል የታለና! አስተዳዳሪውን አነጋግር የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። አስተዳዳሪው እኔ ነኝ።

ራሴን የማጽናናበት ታሪክ አላጣሁም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር ድርጅት የላከው የተበላሸ ፋይል፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን አላስነሳ ብሎ አውሮፕላን አስቀርቷል፣ የሆስፒታል ሥራ አስተጓጉሏል። ብዙዎቹን ለማንሣት ባለሙያዎች በየማሽኑ እየሄዱ ሪከቨሪ ውስጥ ገብተው ያንን ፋይል በእጃቸው መሰረዝ ነበረባቸው። «እነሱስ ቢሆኑ» አልኩ። እነሱ ግን የሚገቡበት ሪከቨሪ ነበራቸው። ደግሞም ከመካከላቸው አፕዴቱን አቋርጦ ለእድር መቀጮ የሮጠ ስለመኖሩ አልሰማሁም።

የመጫኛ ፍላሹን ራሴ ልሥራው አልኩ። ኢንተርኔት ቤት ሄጄ አይኤስኦ የሚባለውን የዊንዶውስ 11 መጫኛ ፋይል አወረድኩ፤ ከአምስት ጊጋ ይበልጣል፣ ስትጠብቁት ልጅ ያድጋል። ወደ ፍላሹ ልገለብጠው ስል ፋይሉ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው አለኝ። ፍላሹ ባዶ ነው፣ 32 ጊጋ ነው። የኢንተርኔት ቤቱን ልጅ ጠርቼ በሐሰተኛ ፍላሽ ስለሚነግዱ ሰዎች ረጅም ንግግር አደረግኩለት። ጉዳዩ ከነጋዴው ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ነበር፣ ፋት 32 ደግሞ አራት ጊጋ የሚሞላ አንድ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። በሌላ አሠራር ፎርማት አድርጌ ፋይሉን እንደ ፊልም ገለበጥኩት። ከዚያ ላፕቶፑ ላይ ሰክቼ ጠበቅኩ። አይኤስኦ በመሥሪያ ፕሮግራም ፍላሹ ላይ ይዘረጋል እንጂ እንዲያው አይገለበጥም። እኔ ያደረግኩት የዶሮ ወጥ አሠራር የተጻፈበትን ወረቀት ድስት ውስጥ ከትቶ ወጡን እንደ መጠበቅ ነው። ጠበቅኩ፤ ያውም ክዳኑን እየከፈትኩ።

ፍላሹን ያልተቀበለው ባዮሱ ስለከለከለው ነው ብዬ ወሰንኩና ወደ ባዮስ ገባሁ። አምላክ ይቅር ይበለኝ። ሴኪዩር ቡት የሚል አየሁ፤ አጠፋሁት። ቲፒኤም የሚል አየሁ፤ ምን እንደ ሆነ አላወቅኩም፣ ግን ከጎኑ «ክሊር» የሚል ነበር። ማጽዳት ምን ክፋት አለው? ማስጠንቀቂያ መጣ። ማስጠንቀቂያ ላይ ያለኝን አቋም ከላይ ታውቃላችሁ። «የስ» አልኩ።

ቲፒኤም የዲስኩ መቆለፊያ ቁልፍ የሚጠበቅበት ነው። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈቱ ዲስካቸው ሳይነግሯችሁ ይቆለፋል፤ ቲፒኤሙ በየማለዳው በጸጥታ ስለሚከፍተው ቁልፍ መኖሩንም አታውቁም። እኔ ቁልፉን ከነኪሱ አጠብኩት።

ከዚህ በኋላ መገናኛ፣ ኮምፒውተር ቤት ከሞላባቸው ሕንጻዎች አንዱ ውስጥ ገባሁ። የሰፈሬ ሰው እንዳያየኝ ላፕቶፑን በጥቁር ፌስታል ይዤ። ጠጋኟ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት።

«ምን ሆኖ ነው ጋሼ?»

«አልነሳ አለኝ።»

«መብራቱ ይበራል? ፋኑ ይዞራል? የአምራቹ ምልክት ይመጣል?»

ለእኔ ሁሉም አንድ ነበር፤ ለእሷ ሦስቱ ሦስት በሽታ ነው። መብራት ከሌለ ቻርጀሩን፣ ባትሪውንና ቦርዱን ታያለች። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ካፕስ ሎክን ተጭና መብራቷ ትለዋወጥ እንደ ሆነ ታያለች፣ ራሙን ነቅላ ትመልሳለች፣ ወደ ውጭ ስክሪን ትሰካዋለች። ምልክቱ መጥቶ ከዚያ የሚወድቅ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የታመመው ዕቃው ሳይሆን የተጫነው ሶፍትዌር ነው። እኔ ቤት ሆኜ ይህን መለየት ሳልችል «ራሙ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ የነገርኩት ሰው ብዛት!

«ምን ነክተውበት ነበር?»

«ምንም አልነካሁም።»

አልገረማትም። ጥገና ቤት የሚገባ ሁሉ የሚምላት መሐላ ሳትሆን አትቀርም።

«አፕዴት እያደረገ መብራት ጠፍቶ ነው» ብዬ ጨመርኩ። ላፕቶፑን አየችው፤ ከዚያ እኔን።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ባትሪ አለው።»

በራሷ ፍላሽ አስነሣችው። ባዮሱን አይታ «ሴኪዩር ቡቱን ማን አጠፋው? የዊንዶውስ ፍላሽ እሱ እያለም ይነሳል እኮ» አለች። የግድግዳውን ካላንደር አየሁ። ክፍፍሉን ከፍታ «ሪከቨሪው የለም» አለች። «ሲላክም አልነበረው ይሆናል» አልኩ፤ እህቴንም አነካካኋት። ቀጥላ ኮፒ እንዳለኝ ጠየቀችኝ፤ በኩራት አለ አልኩ። እ.ኤ.አ. በ1998 ፒክሳር በተባለው የፊልም ድርጅት ውስጥ የ«ቶይ ስቶሪ 2» ፋይሎች ተሰርዘው፣ መጠባበቂያውም አልሠራ ብሎ፣ ፊልሙ የዳነው አንዲት ሠራተኛ ሕፃን ስለነበራት ቤቷ ሆና ትሠራበት በነበረው ቅጂ ነው። ይህን ታሪክ ኤክሴልን ባስተዋወቅኩበት ስብሰባ ላይ በሰፊው ተርኬዋለሁ። የእኔ ኮፒ «ባክአፕ» በሚል ፎልደር ውስጥ ነው። ፎልደሩ የት ነው አለች። እዚያው ላፕቶፕ ዴስክቶፕ ላይ።

በፍላሿ ሲ ድራይቭን ልትከፍት ስትል 48 አሃዝ ያለው የዲስኩ መቆለፊያ፣ የቢትሎከር፣ ቁልፍ ተጠየቀች። «ቁልፉ የተከፈተበት አካውንት ውስጥ አለ። ኢሜይሉ የማን ነው?»

እዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ሲልቨር ስፕሪንግ እኩለ ሌሊት አልፏል። ደወልኩ።

«ማን ሞተ?» አለች እህቴ።

«ማንም አልሞተም፤ ላፕቶፑ ነው።»

«ላፕቶፑ ሞተ?»

ተነሥታ አካውንቷን ከፈተች። የሦስት ማሽን ቁልፍ ተደርድሯል፤ ስክሪኑ ላይ ካለው መለያ ጋር የሚገጥመውን አመሳከርን። ከዚያ ስድስት ስድስት አሃዝ፣ ስምንት ረድፍ፣ እያዛጋች አነበበችልኝ። እያንዳንዱ ስድስት አሃዝ ለ11 ያለ ቀሪ እንዲካፈል ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ አንዲት አሃዝ ብትሳሳቱ ይነቃባችኋል። እኔ አምስትን ዘጠኝ ብዬ ጽፌ ተነቃብኝ። ጠጋኟ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገችው።

«የራስህን ኢሜይል አስገባ አላልኩህም?» አለች እህቴ፣ በስፒከሩ፣ ሱቁ ሙሉ ሰው እየሰማ።

«አስገብቼው ነበር፤ ራሱ አጠፋው።»

ጠጋኟ አንገቷን አቀርቅራ ትጽፋለች። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዲስኩ ተከፈተ። ልጅቱ ጥቁሩ መስኮት ላይ ቢሲዲቡት የሚል አንድ መስመር ጻፈች፤ የማስነሻ ፋይሎቹ በዚያች የመቶ ሜጋ ባይት ቁራጭ ላይ እንደገና ተጻፉ። ነጠብጣቦቹ ዞሩ፣ የእህቴ ስም ብቅ አለ። ቁልፉ ከተገኘ በኋላ ሥራው ቡና እስኪደርስ እንኳ አልፈጀም።

በሚቀጥለው እሑድ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ፣ የወሩን ሒሳብ ከኤክሴሉ ላይ አነበብኩ፦ የከፈለውን አባል ቁጥር፣ ድምሩን፣ ወጪውን። ድምፄ ላይ ትንሽ የጀግና ቃና ነበር። ገንዘብ ያዧ እትዬ ከነጠላቸው ሥር ጥግ ጥጉ የተጠቀለለ ባለ ካሬ ደብተር አወጡ። ኤክሴል ከገባ ጀምሮ ለካ አንድ ወር እንኳ አላቋረጡም። ጣታቸውን ምራቅ አስነክተው ገለጡ፤ በከንፈራቸው እየቆጠሩ ወረዱ፤ እንደገና ቆጠሩ።

«የአንተው ላይ 11 ሰው ይጎድላል» አሉ።

ስክሪኑ ላይ አፈጠጥኩ። የድምሩን ፎርሙላ ስጽፈው እስከ ነበሩት አባላት ረድፍ ድረስ ብቻ ነበር ያስኬድኩት፤ ከዚያ ወዲህ የገቡት ከሥር ተጽፈዋል፣ ግን አይቆጠሩም። ያን ሁሉ መከራ አይቼ ያተረፍኩት ፋይል ከመጀመሪያውም ልክ አልነበረም።

እትዬ ስሞቹን አንድ በአንድ ጠሩ። ግማሾቹ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ምነው ልጄ፣ እኔ ሳልሰማ ሞቱ እንዴ?»

ዳኛው መነጽራቸውን እያስተካከሉ ድንኳኑ ይውጣ ወይ ብለው ጠየቁ።